የወለደ ይመርቅ

ጭቃው መጀመሪያ ይረገጣል። ምኞት ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ትሰበስብና መሬት ላይ በተነጠፈ የኮባ ቅጠል ላይ የተቆለለውን እርጥብ አፈር እየዞረች በተረከዟ ትረግጠዋለች። ጠጠር ካገኘች ጎንበስ ብላ አውጥታ ወደ አጥሩ ትወረውራለች። ቀጥሎ የተፈጨ ገል ትነሰንስበታለች። ገል የተሰበረ ሸክላ ነው፤ ተወቅጦ በወንፊት ይነፋና ከአዲሱ አፈር ጋር ይደባለቃል። ያለ እሱ የተሠራ ጋን እሳት ውስጥ ይፈነዳል። ሲዋሃድ እፍኝ እፍኝ እያነሳች በሁለት መዳፎቿ ታሸዋለች፤ ወፍራም ገመድ ይሆናል። ገመዱን በጋኑ ቂጥ ዙሪያ ታጋድመዋለች፣ በአውራ ጣቷ ወደ ታች ትደመድመዋለች፣ ሌላ ትጨምራለች።

ማሰሮ ሲሠራ ማሰሮው ይዞራል። ጋን ሲሠራ ሠሪዋ ነች የምትዞረው። ምኞት ወደ ኋላዋ እየተራመደች ጋኑን ትዞረዋለች፤ ግራ እጇ ከውስጥ ይደግፋል፣ ቀኝ እጇ ከውጭ በቀርከሃ ስንጣሪ ይልጋል። ሆዱ ሲሞላ ትታው ትሄዳለች። ታችኛው ሳይጠነክር ትከሻውን ከጨመሩበት ቁጭ ይላል። ሲጠነክር ትከሻው፣ ከዚያ አንገቱ፣ ከዚያ ከንፈሩ ይመጣል፤ ከንፈሩ በራሰ ቅጠል ይዳበሳል። በመጨረሻ ከወንዝ በመጣ ለስላሳ ድንጋይ እስኪያብረቀርቅ ትፈትገዋለች። መድረቅ ያለበት ጥላ ውስጥ ነው። ከተቃጠለ በኋላ በጣቷ አንጓ መታ ታደርገዋለች። ድምፁ ጠርቶ ከወጣ ለገበያ ነው፤ ከታፈነ ተሰብሮ ገል ይሆናል።

ሥራውን ከእናቷ ተማረች፣ እናቷም ከእናቷ። ልጇ ሉሊት ግን አልተማረችውም። እንዳትማረው ያደረገችው ራሷ ምኞት ነች።

ምኞት የምትኖረው ከአርባ ምንጭ ወደ ምዕራብ ዓባያ በሚወስደው መንገድ፣ ከላንቴ የሙዝ ማሳዎች በላይ፣ ተዳፋቱ በሚጀምርበት ቦታ ነው። ሰፈሩ የሸክላ ሠሪዎች ብቻ ነው። በአካባቢው ባለ መሬት ገበሬዎች ማላ ይባላሉ፤ ሸክላ ሠሪዎቹ ማና። ማና የሥራ መጠሪያ ሊመስል ይችላል። አይደለም፤ ሸክላ ነክቶ የማያውቅ ማናም ማና ነው። በድሮው ሥርዓት ማና ከማላ ጋር አይጋባም፣ ከአንድ ገበታ አይበላም፣ ደጁን አልፎ ቤቱ አይገባም። ቢገባ ጎሜ ነው። ጎሜ የተከለከለን ነገር መጣስ ማለት ነው፤ የጣሰው ሰው በበሽታ ወይም በከብት ሞት ያገኘዋል ይባላል። ወንጌል ከገባና ሕግ ከወጣ ወዲህ ይህ ሁሉ ቀርቷል ይላሉ። ጸሎት ቤት ውስጥ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፣ አብረው ይዘምራሉ። ከጸሎት ቤት ሲወጡ ማላው ወደ ታች፣ ማናው ወደ ላይ ይሄዳል።

ምኞት ልጅ ሳለች አንድ ጊዜ የተለየ ነገር አይታለች። በደርግ ጊዜ መሬት ሲከፋፈል ለአባቷ የበቆሎ ማሳ ደረሰው። እሷም መሠረተ ትምህርት ገባች። አንድ ዋርካ ሥር ማላውም ማናውም፣ ሽማግሌውም ልጁም አንድ ሰሌዳ ላይ እያፈጠጠ ሀ ሁ ይል ነበር። ስሟን መጻፍ የተማረችው ያኔ ነው። መንግሥት ሲለወጥ የድሮው ባለ መሬት ከልጆቹ ጋር መጥቶ ማሳው መሀል ቆመ። አባቷ አልተከራከረም፤ የደረሰውን በቆሎ እንኳ ሳይሸለቅቅ ወጣ። ዋርካው ሥር አብሯቸው ፊደል የቆጠረ ጎረቤት ሁሉ ዳር ቆሞ ያይ ነበር፣ አንዱም አፉን አልከፈተም። ምኞት ከዚያ ቀን ያተረፈችው አንድ ሐሳብ ነው፤ መሬት ይነጠቃል፣ ፊደል አይነጠቅም።

ስለዚህ ኦይታን አግብታ ሴት ልጅ ስትወልድ ከሬዲዮ በሰማችው ስም ሉሊት አለቻት። ኦይታ ሐይቁ ዳር ሸምበቆ ሲቆርጥ የያዘው ወባ ብዙ ሳይቆይ ገደለው። ሉሊት ያኔ ገና ጥርሷን አልነቀለችም። የሰፈሩ ሴቶች ልጅቷ ጭቃ መርገጥ እንድትጀምር፣ ለእናቷም እፎይታ እንደሚሆን መከሩ። ምኞት ልጅቷን ጭቃው አጠገብ አላስደረሰቻትም። አንድ ጊዜ ሉሊት ለጨዋታ ትንሽ ስኒ ሠርታ ብታሳያት እናትየዋ መልሳ ጨፈለቀችው።

በቀበሌው ትምህርት ቤት ሉሊት አጠገብ የሚቀመጥ አልተገኘም። እሷ አጠገብ ከሚቀመጡ መሬት ተቀምጠው ልብሳቸውን ጭቃ ቢነካው ይሻላል ያሉ ልጆች ነበሩ። ይህን ያስቆመችው መምህርት ሮማነወርቅ ናት። ሮማነወርቅ ከሰሜን የመጣች ናት፤ ባሏ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ሲዛወር ተከትላው መጥታ እዚሁ የቀረች፣ ጠመኔዋን በመሀረብ ጠቅልላ የምትይዝ ሴት። ሉሊትን ከኋላ አንስታ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠቻትና ክፍሉን በሙሉ ዞር ብላ አየችው። ከዚያ በኋላ ያጉረመረመ የለም። ወደ አርባ ምንጭ ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ ስትዛወር ደግሞ ሉሊትን ይዣት ልሂድ አለች። ቤት ታግዛታለች፣ እሷ ታስተምራታለች።

«እንደ ልጄ ነው የማሳድጋት» አለቻት ምኞትን።

ከዚህ የበለጠ ቃል ምኞት ከማንም ሰምታ አታውቅም።

ሉሊት ልትሄድ ስትል እናትየዋ አንድ ደንብ ሰጠቻት። ከተማው ውስጥ ከሰፈራችን ትምህርት ቤት የሄዱ ልጆች አሉ። እኔን እናቴ ስትይ ከሰሙሽ ወሬው ክፍልሽ ድረስ ይከተልሻል። ስለዚህ ገበያ ላይ ሸክላ ይዤ ካየሽኝ እለፊ። ማንም ፊት እናቴ አትበይኝ። ሉሊት አለቀሰች፤ ከዚያ እሺ አለች። ታዛዥ ልጅ ነበረች።

ምኞት በየቅዳሜው ሸክላዋን ይዛ በታችኛው የከተማው ሰፈር ሲቀላ ወዳለው ገበያ ትወርዳለች። ከገበያ በፊት ሴቻ ወጥታ ሮማነወርቅ በር ላይ ትቆምና የሽፈራው ቅጠልና በኮባ የተጠቀለለ ኩርኩፋ፣ የበቆሎ ድብልብል፣ ታቀብላለች። ሮማነወርቅ ግቢ እንጂ ትላታለች። ምኞት አትገባም። ቸኩያለሁ ትላለች። በሰው ደጅ ላይ መቆም ከእናቷ ጡት ጋር የጠባችው ነገር ነው፤ ሮማነወርቅ ግን ጎሜ የሚባለውን ስለማታውቅ እውነትም የቸኮለች ይመስላታል። ከጊዜ በኋላ ግቢ ማለቱንም ተወችው። የሴቻ ሰው ምኞትን በር ላይ የምትቆመዋ ሸክላ ሻጭ ብሎ ለመዳት።

ገበያው ላይ ግን ሌላ ነገር ነበር። ሉሊት ከጓደኞቿ ጋር ትመጣና እንደማታውቃት ሆና ምኞት ፊት ትቆማለች። አንዱን ማሰሮ አንስታ በጥፍሯ መታ ታደርገዋለች።

«ይቺ ድምፅ የላትም።»

«ጆሮሽን ታጠቢ» ትላለች ምኞት ቀና ሳትል።

«የተሰነጠቀ ሸጣ ትሳደባለች ደግሞ!»

«ስንጥቁ ዓይንሽ ላይ ነው። ነይ፣ ልለስነው።»

ጓደኞቿ በሳቅ ይፈርሳሉ። ሉሊት ታኮርፋለች፣ ትሄዳለች፣ ትንሽ ቆይታ ብቻዋን ከገመድ ሻጮቹ ኋላ ተሹለክልካ ትመለሳለች። እዚያ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ ምኞት ከቀሚሷ እጥፋት ማንጎ አውጥታ ትሰጣታለች። ጨዋታ ነበር። ሁለቱም ይችሉበት ነበር። ምኞት አሁንም ስትናገረው ፈገግ ትላለች፤ ወዲያው ፈገግታዋን ትሰበስበዋለች።

ሉሊት ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ተመረቀች፣ ባንክ ተቀጠረችና አርባ ምንጭ ተመለሰች። እዚያው ሮማነወርቅ ቤት ነው የምትኖረው። ቅዳሜ ሥራ ስለምትውል ገበያው ቀረ፤ በምትኩ ስልክ ትደውላለች። አማርኛዋ እንደ ሮማነወርቅ ጥርት ያለ ሆነ፤ ጋሞኛው ላይ ደግሞ ቃል እየፈለገች ትቆም ጀመር። ምኞት በዚህ አልተከፋችም። የላከቻት ለዚሁ ነው።

አንድ ቀን ሉሊት ልዑልሰገድ ስለሚባል መሐንዲስ ነገረቻት። ቤተሰቦቹ እንደነ ሮማነወርቅ ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ አባቱ ጡረታ ወጥቷል፣ እናቱ ሊሻን ትባላለች። ደግ ሴት ናት አለች። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ይልካሉ። ወደ አንቺ ነው የሚመጡት፣ ተዘጋጂ አለቻት።

ምኞት ተዘጋጀች። ግድግዳውን በእበትና በአፈር እንደ አዲስ ለሰነችው፤ መደቡን በወንዝ ድንጋይ እንደ ጋን ፈተገችው። የኦይታ ወንድም እንደ አባት ሆኖ እንዲቀመጥ ጠየቀችው፣ እሱም ኮት ተዋሰ። በዚያ ሰፈር የከተማ ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ወጥቶ አያውቅም። ጎረቤት ለምን ትለስኛለሽ ሲላት እንግዳ አለብኝ ትላለች፤ የማን እንግዳ ሲሏት ሳቅ ብላ ልስኗን ትቀጥላለች።

ከፋሲካ በፊት ባለው ጾም መሀል ሮማነወርቅ ገበያ መጣች። ትልልቅ ጋኖች ፈልጋለች። ሰርግ አለብን፣ ጠላው በፕላስቲክ በርሜል አይጠመቅም የሚሉ ሰው አሉ አለች። አሁን ጋን የሚሠራ የለም፤ በርሜሉ ከገበያ አስወጥቶታል። የቀሩት ሴቶች ጀበናና ድስት ነው የሚሠሩት። እንዲህ ያለ ጋን የምታወጣ ምኞት ብቻ ነበረች፤ ሮማነወርቅም ሌላ ብትፈልግ አታገኝም።

ምኞት ደስ አላት። ልጅዎ ክብሩ ሊያገባ ነው እንዴ ብላ ጠየቀች። ሮማነወርቅ ሰርጉ የቤት ነው ብላ ወሬውን ወደ ጋኑ ዋጋ መለሰችው። ምኞት ደግሞ እኔም ቤት እኮ ወሬ አለ ብላ ዓይኗን ጠቀሰቻት። ሮማነወርቅ «እሰይ» አለች፤ ስትል ግን የምታየው ማሰሮዎቹን ነበር። ስትሄድ መለስ አለችና ስታደርሺ አንቺ አትድከሚ፣ መኪና ላይ ጫኚልኝ፣ እኛ እናወርደዋለን አለቻት።

ምኞት ለእነዚያ ጋኖች አፈሩን ከሩቅ አስመጣች። ልጇን ላሳደገች ቤት ነዋ። ከእጇ ከወጣው ሁሉ እንደ እነሱ የጠራ ድምፅ ያወጣ የለም ትላለች።

ፋሲካ አለፈ። ሽማግሌ አልመጣም። ልዑልሰገድ መስክ ወጥቷል አለች ሉሊት በስልክ። ቀጥሎ አባቱ አሞታል አለች። የኦይታ ወንድም ኮቱን መልስ ተባለና መለሰው።

ጋን ብቻውን አይላክም። ይህ የምኞት የሥራ ደንብ ነው። ማሰሮን ሸጠው ይለዩታል፤ ጋን ግን የሚቀመጥበት መሬት ካልተስተካከለ፣ ከሥሩ ሣር ተጠቅልሎ ካልተደረገ፣ ሲሞላ በራሱ ክብደት ይሰነጠቃል። ሰው ደግሞ መሬቱን አይረግምም፣ ሠሪዋን ነው። ስለዚህ ሮማነወርቅ አትድከሚ ብትላትም ሙዝ በጫነ አይሱዙ ላይ፣ ቅጠሉ መሀል፣ አንዱን ጋን በግራ አንዱን በቀኝ አቅፋ ሴቻ ወጣች። ረዳቱ እማማ፣ መንታ ወለድሽ እንዴ ብሎ ቀለደባት።

ግቢው በሩ ተከፍቷል። ድንኳን እየተተከለ ነው፣ ሴቶች ሽንኩርት ይከትፋሉ። ምኞት እንደ ልማዷ በሩ ላይ ቆመች። የማታውቃት፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች ሴት ጋኖቹን ስታይ እጇን አጨበጨበች።

«ይኸው! ጠላ እንዲህ ባለው ነው። ግቢ እንጂ እህቴ፤ ጋኑ በእግሩ አይሄድ።»

ምኞት ገባች። የሮማነወርቅን ደፍ ስትረግጥ ያ የመጀመሪያዋ ነው። ከጓሮ ጥላ ያለበትን ቦታ መረጠች፣ መሬቱን ጫር ጫር አደረገች፣ ሣሩን ጠቀለለች፣ ተንበርክካ ጋኑን አስተካከለች። ሴትየዋ አጠገቧ ቆማ ታወራለች። ሊሻን እባላለሁ፣ የሙሽራው እናት ነኝ አለቻት። ከወሎ ከወጣሁ እንዲህ ያለ ጋን አላየሁም አለች። ሙሽሪትም የዚሁ ቤት ልጅ ናት፣ ሮማነወርቅ እንዴት አድርጋ እንዳሳደገቻት ብታይ፣ ሉሊትን አታውቂያትም እንዴ አለቻት።

የምኞት እጅ ጋኑ ላይ እንዳለ ቀረ።

በዚያው ሰዓት ሉሊት በጓሮ በር ወጣች። ስልኳ ጆሮዋ ላይ ነው። አየቻትና ስልኩን ቀስ ብላ አወረደች። ሮማነወርቅ ከኋላዋ ትሪ ይዛ ብቅ ብላ በሩ ላይ ቆመች።

ሊሻን ይህን ሁሉ አላየችም። በቀለበቷ ጋኑን መታ አድርጋ ድምፁን ሰማች። «እጅሽ ይባረክ» አለች። «ይህን ሙያ ለማን አወረስሽው? ልጅ አለሽ?»

ምኞት ቀና ብላ ሉሊትን አየቻት። መልሱ የልጇ ነበር።

«የላትም» አለች ሉሊት። «እኔ አውቃታለሁ እትዬ ሊሻን። ልጅ የላትም።»

ሊሻን ከንፈሯን መጠጠች። ከልቧ ነው ያዘነችው። ምኞት ይህን ደጋግማ ትናገራለች፤ እዚያ ጓሮ ውስጥ ያዘነላት እሷ ብቻ ነበረች ትላለች። ሊሻን የሉሊትን ክንድ ይዛ ወደ ፊት አመጣቻት።

«እንግዲያ ይቺን እንደ ልጅሽ መርቂያት። የለፋ እጅ ምርቃት ይደርሳል። ጎንበስ በይ አንቺ፣ ምን ትገተሪያለሽ።»

ሉሊት ጎንበስ አለች። ጸጉሯ ለሰርጉ ተሠርቶ ነበር፤ ምኞት ዘይቱ ሸተታት። በተንበረከከችበት የልጇ ግንባር ከፊቷ ነበር፣ እጇን ብትዘረጋ ትደርስበታለች። እጇን ግን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ተነሳች።

«እትዬ፣ በእኛ አገር ሙሽራ የሚመርቅ የወለደ ነው። ያልወለደ ቢመርቅ ጎሜ ነው፤ ለሙሽራዋም አይበጅም። የወለደ ይመርቃት።»

እንዲህ ያለ ጎሜ የለም። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሲጠየቁ ሰምተን አናውቅም ነው ያሉት። ምኞት እዚያው ቆማ የሠራችው ነው። ከዚያ ግቢ ውስጥ ይህን የተረዳች አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ እሷ እንዳጎነበሰች ቀረች። ሊሻን ግን ምኞትን እስከ በሩ ሸኘቻትና ተመልሳ ለሮማነወርቅ ምን ያለች ጨዋ ሴት ናት አለቻት። ይህንን በኋላ ለምኞት የነገረቻት ሮማነወርቅ ራሷ ናት።

ሰርጉ ሐይቁ ከሚታይበት ሆቴል ውስጥ ተደረገ። የጎረቤት ልጅ በስልኳ ያሳየቻት ፎቶ ላይ ሉሊት ነጭ ለብሳ የሮማነወርቅን ጉልበት ትስማለች። ሰፈሩ ያን ጊዜ ነው ነገሩን የሰማው። ማላዎቹ ሳይሆኑ የገዛ ጎረቤቶቿ ናቸው የቀለዱባት። ቤቱን የለሰንሽው ለማን ነበር፣ እንግዳሽ መንገድ ጠፋበት ወይ ይሏት ነበር። አንዷ ደግሞ ጭቃ ባስረገጥሻት ኖሮ ዛሬ አጠገብሽ ትሆን ነበር አለቻት።

ሮማነወርቅ ሁለት ቅዳሜ አሳልፋ ገበያ መጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ ከምኞት አጠገብ፣ አፈሩ ላይ ቁጭ አለች። ሉሊት ከሰርጉ በፊት በኦርቶዶክስ ሥርዓት ክርስትና ተነሥታ ነበር፤ የክርስትና እናቷ እኔ ነኝ፣ እናቷ ነኝ ስል ውሸት አልተናገርኩም አለች። ሉሊት፣ እናቴ ተስማምታለች ብላኝ ነበር አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልጅቷ እንድታድግ ያደረግሁትን ብቻ አስቢልኝ አለቻት።

ምኞት አልተቆጣችም። «እርስዎ ቃልዎን ጠብቀዋል፣ እትዬ ሮማነ። እንደ ልጄ አሉኝ፤ እንደ ልጅዎ አደረጉ። የቀረው የኔ ነው።»

ሉሊት የመጣችው ክረምቱ ሲገባ ነው። ባጃጁን አስፋልቱ ላይ አስቁማ በጭቃው ብቻዋን ወጣች፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ። መደቡ ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹ ሊቀመጡበት የነበረው መደብ ነው። ብዙ አለቀሰች። ከዚያ የመጣችበትን ተናገረች፤ ሳልመረቅ ነው ያገባሁት፣ ያ ቃልሽ ከጆሮዬ አልወጣም፣ አሁን ማንም የለም፣ መርቂኝ አለች።

ምኞት ለምን እንዲህ እንዳደረገች ጠየቀቻት። ሉሊት ምክንያቱን ዘረዘረች። ሊሻን አንድ ቀን ቡና ሲጠጣ፣ በአያቶቿ አገር በሸክላ ሠሪ ዓይን ተበልታ ስለ ሞተች ሙሽራ አውርታ ነበር። ለወሬ ነው፤ ክፋት አልነበረበትም። ጋኑን ትወዳለች፣ ሠሪዋንም ታዝንላታለች፣ ሠሪዋ የምራቷ እናት ከሆነች ግን ምን እንደምትል ሉሊት መገመት አላቃታትም። ትዳሬ ይፈርሳል አለች። ልዑልሰገድም እናቱን አይቃወምም አለች። ከዚያ ድምፅዋ ከረረ።

«አንቺ አይደለሽም ያስተማርሽኝ? ማንም ፊት እናቴ አትበይኝ ያለችኝ ማን ናት?»

«እኔ ያስተማርኩሽ እንድታልፊ ነው» አለች ምኞት። «እንዳላወቅሽኝ ሆነሽ እለፊ ነው ያልኩሽ። አልወለደችም በይ አላልኩሽም።»

ሉሊት እንደገና ተንበረከከች። ጉልበቷን ልትይዝ ስትል ምኞት እግሯን ሰበሰበች።

«ምርቃት ከፈለግሽ አልከለክልሽም። ሊሻን ፊት ነው የካድሽኝ፤ ሊሻንን ይዘሻት ነይ። እዚህ መደብ ላይ ትቀመጥ። ይቺ እናቴ ናት በያት። ከዚያ አፌ እስኪደክም እመርቅሻለሁ።»

«ብትጠላኝስ?»

«እኔም አለሁ። ያኔ ሁለታችን እንጠላለን።»

ሉሊት ባጃጁ ከታች ጥሩምባውን ሲነፋ ተነሳች። በሩ ላይ ዞር ብላ አንድ ነገር ልትናገር ጀመረች፤ በጋሞኛ ነበር፣ ቃሉ ጠፋባትና ተወችው።

ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ስልክም አልደወለችም። ምኞት ልጇ ማርገዟን የሰማችው ገበያ ላይ፣ ከሮማነወርቅ ነው፤ ልጁ ለጥምቀት በዓል ሳይደርስ አይቀርም ተብላለች። ሮማነወርቅ ልጁ ሲወለድ በጓሮ በኩል አስገባሻለሁ፣ ሊሻን በሌለችበት ሰዓት ታይዋለሽ ብላ ለመነቻት። ምኞት እንቢ አለች። በዚያ ቤት በር ላይ ዕድሜዬን ቆሜያለሁ፣ አሁን ደግሞ ከበር ወደ ጓሮ አልዛወርም አለች። የልጅ ልጇን ማየት ትፈልጋለች፤ ይህን አትደብቅም። ሌሊቱን ስለ ልጁ መልክ ስታስብ እንደምታድርም ትናገራለች። ግን የተናገረችውን አልመለሰችም። መደቡንም በየወሩ ትፈትገዋለች።

እዚህ የሰፈሩት ስሞች የሰዎቹ እውነተኛ ስሞች አይደሉም። ጽሑፉ ሲያልቅ ምኞት ራሷ አነበበችው፤ በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች። ስትጨርስ ወረቀቱን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና ለሚያነበው ሰው መጨረሻ ላይ የሚጻፍ አንድ ነገር አለኝ አለች። ያለችው ይህ ነው።

«አርባ ምንጭ ሰፊ ከተማ አይደለችም። ስሙ ቢቀየርም ልጅቷ ማን እንደሆነች የምታውቁ አትጠፉም። እባካችሁ ለአማቷ አትንገሩ። ለባሏም አትንገሩ። ለኔ አዝናችሁ፣ ልትረዱኝ ብላችሁም ቢሆን አትንገሩ። እናንተ ከተናገራችሁት ለሷ የሚቀር ቃል አይኖርም። እኔ የምጠብቀው ከሷ አፍ ነው። ተዉላት።»